ድስት ግጣሙን ሲያጣ

ባለቤቴ ደህና ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጫት ቤት ደጃፍ አይታይም። ደመወዙን ሳይሸራርፍ ያመጣል፤ ታክሲ ካልጠፋ በቀር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ነው። እናቴ ዘንድ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል፤ ዕድር አይቀርም፣ ቀብር ላይ አያረፍድም። የሕንፃችን ሴቶች በባሎቻቸው ሲማረሩ «ያንቺን ዓይነት ለእኛም በሰጠን» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «ተመስገን» እላለሁ።

መከራዬ የሚጀምረውም ከዚሁ ከደህናነቱ ነው። ባል ትልቅ ጥፋት ሲኖርበት ትናንሾቹን ማን ልብ ይላቸዋል? ባሏ ሰክሮ በር የሚሰብርባት ሴት ካልሲውን የት ጣለው ብላ አትጨነቅም። የኔው ግን ትልቁን ሜዳ ባዶ አድርጎ ስለተወው ትናንሾቹ ዓመሎቹ እንደ ልባቸው ይቦርቁበታል።

ዋናው ክዳን ነው። ከሥራ ይመጣል፤ በር ከፍቶ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል፤ ጃኬቱን ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት። ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ሁሉ በየተራ እየከፈተ ያያል። ሽሮ መሆኑን ያውቃል። ረቡዕ ነው፤ እኛ ቤት ረቡዕ ከሽሮና ከጎመን ሌላ ምን ሊኖር ነው? ሽታውም ገና ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀብሎታል። ቢሆንም ይከፍታል። እንፋሎቱ መነጽሩን እስኪያለብሰው ጎንበስ ብሎ ይመለከትና «እህ» ይላል። ቅሬታ አይደለም፣ ምስጋናም አይደለም፤ ዓመታዊ ቆጠራ ላይ እንዳለ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ያለውን አረጋግጦ ማለፉ ነው። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ወደ መጣበት አይመለስም። የሽሮው ክዳን ጎመኑ ላይ ይወጣል፤ የጎመኑ ሲንኩ ጠርዝ ላይ ይደገፋል፤ የሩዙ ደግሞ ላቡን እያንጠባጠበ አሁን አጥቤ ያሰጣሁት ፎጣ ላይ በጀርባው ይንጋለላል። ድስት ግጣሙን አያጣም ይባላል፤ የሠርጋችን ዕለትም አንድ ትልቅ ሰው ይህንኑ ተናግረው ተጨብጭቦላቸዋል። እኛ ቤት ያጣል።

መሶቡም ከዚህ አላመለጠም። ማታ ውሃ ሊጠጣ ይነሣና በዚያው አንድ ጫፍ እንጀራ ቆርሶ ይጎርሳል፤ መሶቡን እንደተከፈተ ትቶ ይተኛል። ጠዋት የላይኛዋ እንጀራ ጠርዟ ደርቆ፣ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቀኛለች። የፍሪጁ ጉዳይ ደግሞ ጥበብ አለበት። ጠርሙሱን ባዶ ያደረገ ሰው ይሞላል የሚል ሕግ ቤታችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ባዶ አያደርገውም። አንድ ጉንጭ ውሃ ሥሩ ላይ ትቶ ሃይላንዱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አንድ ጉንጭ ያለበት ጠርሙስ ባዶ አይደለም፤ ከጠበቃ ጋር የተማከረ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ቀዳዳ አያገኝም።

«ለምንድን ነው የማትከድነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«አየሁት እንጂ አልነካሁትም» አለኝ። በሌብነት የከሰስኩት መስሎታል።

እናቴ ዘንድ ሄጄ ለመናገር ቆረጥኩ። እናቴ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቡና ትለቅም ነበር።

«ይመታሻል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«በስመ አብ! ኧረ እማዬ።»

«ውጭ ያድራል?»

«አያድርም።»

«ብር ይደብቅሻል?»

«ምን ብር አለውና ይደብቃል።»

«እና ምን አደረገሽ?»

«ክዳን አይከድንም።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆይታ «አባትሽ» አለች፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ ማድ ቤታችን በየት በኩል እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሞተው።» ከዚያም ቡናዋን መልቀም ቀጠለች። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነበር።

ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፣ እናቴ ሳታስበው ትልቅ ነገር መናገሯ ገባኝ። አባቴ ክዳን ከፍቶ የማይተወው ከኔ ባል የበለጠ ሥርዓት ስለነበረው አይደለም። ማድ ቤቱ ሩቅ ስለነበረ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ግቢው ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ጥላሸት የጠጣ የጭቃ ቤት ነበር። ወጡ እዚያ ይሠራል፤ ግቢውን አቋርጦ፣ ተከድኖ፣ ትሪ ላይ ሆኖ ይመጣል። አባቴ ወጥ እንጂ ድስት አያውቅም። ዝናብ ጥሶ፣ ውሻው እየጮኸበት፣ ሠራተኛዋን አስደንግጦ ሽሮ ለማየት የሚሄድ የቤት አባወራ በዚያ ዘመን ቢገኝ ኖሮ ጸበል ይወስዱት ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መሠራት ሲጀምሩ ግን ማድ ቤቱ ተነሥቶ ዋናው ቤት ውስጥ ገባ። የኛው ከመግቢያው በር ሁለት እርምጃ ነው። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ከድስቱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። የቤቱን ፕላን የነደፉት ሰዎች ብዙ ነገር አስበዋል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በዓል ሲመጣ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ብለው ለብቻው ግቢው ውስጥ ሠርተዋል። (የብዙ ሳይት የጋራ ቤት አሁን ምን እንደሚሠራበት ነዋሪው ያውቃል፤ እሱን ሌላ ጊዜ።) ባልንና ድስትን ግን ምንም ሳይጋርዱ አንድ ላይ አስቀመጧቸው። በሥራ ከተዋወቁ ባልና ሚስቶች ይልቅ የኔ ባልና የሽሮዬ ድስት በቀን ብዙ ጊዜ ይተያያሉ።

ከክዳን ቀጥሎ መብራት ነው። ሰው ከክፍል ሲወጣ መብራት ማጥፋት ደግ ልማድ ነው፤ ማንም አይቃወምም። እሱ ግን ሰው እስኪወጣ አይጠብቅም። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ በበሩ ሲያልፍ እጁ ይዘረጋና ቀጭ። «አለሁ እኮ!» እላለሁ። «ኦ» ይልና ያበራል። ሲመለስ ደግሞ ቀጭ። ማታ ኮሪደሩን በጨለማ እየዳበሰ ሲሄድ የእግሩን ትንሽ ጣት ከጫማ መደርደሪያው ጋር ያጋጫል፤ ሕመሙን በዝምታ ይውጣል እንጂ አያበራም። የሽንት ቤታችን ማብሪያ ማጥፊያ ከውጭ፣ ግድግዳው ላይ መሆኑ ደግሞ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ሆኖለታል።

አንድ ጊዜ አጎቱ ለሕክምና ከገጠር መጥተው እኛ ዘንድ አረፉ። ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ማታ ከእራት በኋላ ተነሥተው ወደ መጸዳጃ ቤት ገቡ። ባለቤቴ በኮሪደሩ ሲያልፍ በሩ ሥር ብርሃን አየ፤ እጁ ከልቡ ቀድሞ ሄደ፤ ቀጭ አድርጎ መጥቶ ተቀመጠ። እኔ ማድ ቤት ዕቃ ሳጥብ አላየሁም። ብዙ ቆየን። ቡና ተፈላ፣ አቦሉ ተቀዳ፣ አጎት የሉም። ልጄን «ሂድ እስቲ አያ አሟቸው እንዳይሆን እይ» ብዬ ላክሁት። ልጁ መብራቱን አበራና በሩን አንኳኳ። አጎት ረጋ ብለው ወጡ፣ ወደ ሳሎን መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሲኒያቸውን ተቀበሉ፤ ከዚያ በሐዘኔታ «እዚህ አዲስ አበባም መብራት ይሄዳል ለካ» አሉን። እስኪመጣ ድረስ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነበር። ባለቤቴ ወለሉን እያየ «አልፎ አልፎ» አለ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በቁጥር የተሳሳተ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። አንድ ቅዳሜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የኮሪደራችን አምፖል ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመቁጠር 111 ሰዓት፣ ማለትም ሌት ተቀን ሳይጠፋ ከአራት ቀን ተኩል በላይ መብራት አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ መካከለኛውን ብንወስድ አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገር የሚሄደው ኃይል ያችን አምፖል ከ16 ቀን በላይ ያለ ዕረፍት ያበራታል። ታሪፉም ቢሆን በፍጆታ መጠን የተከፋፈለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ናቸው፣ ከዚያ በላይ በወጣህ ቁጥር ዋጋው አብሮህ ይወጣል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። «ስለዚህ» አልኩት፣ «ወደ ላይኛው እርከን የሚያስወጣን ምጣዱ ነው እንጂ ያንተ አምፖል አይደለችም። ጣትህን አትስበር።»

ወረቀቱን ተቀብሎ በጥሞና አየው። ሒሳቤን አልተቃወመም። «ታዲያ እንጀራውን ለምን ከሱቅ አንገዛም?» አለኝ።

የሱቅ እንጀራ ሲቀርብለት ገና ሳይቆርስ «ይሄ ነገር ሩዝ ሳይኖርበት አይቀርም» የሚለው እሱ ነው። ወረቀቱን ቀማሁት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ይዤ ባሌ ፊት አልቀርብም፤ ሌሎች ሚስቶችም ባይሞክሩት እመክራለሁ።

የዜናውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ሶፋው ላይ ይመቻቻል፤ ርዕሰ ዜናው ሳያልቅ ያንኮራፋል። ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈለትን ሪሞት ከሆዱ ላይ ቀስ ብዬ አንሥቼ ወደ ድራማዬ ስቀይር፣ ዓይኑን ሳይገልጥ «እያየሁ ነው» ይላል። አንድ ቀን ላጋልጠው ብዬ «እሺ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የተለመደው ነው» አለኝ። ልጄ ቀርጾት የነበረውን መልሰን አየን። የተለመደው ነበር።

ካርቶን ላይ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ። ባለቤቴ ዕቃ የመጣበትን ካርቶን አይጥልም። የቁም ሳጥናችን አናት እስከ ኮርኒሱ ድረስ ካርቶን ነው፤ የብሌንደሩ፣ የካውያው፣ የስልኮቹ ሁሉ፣ የልጁ የመጀመሪያ ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቴሌቪዥኑ። ቴሌቪዥኑ የምለው አሁን ያለውን አይደለም። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ለዕቃ ቀያሪ የሰጠነውን፣ ከዚህ ዓለም የተሰናበተውን ነው። ካርቶኑ ከነፎሙ እንዳማረበት አለ። ካርቶኖቹ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ነዋሪዎች አሉ፤ ጫፉ ቀጭን የሆነ የድሮ የኖኪያ ቻርጀር፣ አንድ ቀዳዳው ብቻ የሚሠራ ዲቫይደር፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ጥቁር ገመድ፣ ግማሹ ያለቀ ናስትሮ። ካቻቢቴው ብቻ የለም፤ ካቻቢቴ ሲፈለግ ምንጊዜም የጠረጴዛ ቢላዬ ነው የሚጣመመው።

«ይሄን እንጣለው» ስለው መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ «ይፈለጋል።»

ማን ይፈልገዋል? ለስንት ዓመት ማንም ሳይፈልገው ቆየ። ከዚያ አንድ ምሽት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩተው «ይቅርታ፣ ያ ቀጭኑ የኖኪያ ቻርጀር ይኖራችሁ ይሆን? ለእናቴ ስልክ ነበር» አሉ። የባሌን ፊት ብታዩት! ወንበር ላይ ወጣ፣ ካርቶን አወረደ፣ ከካርቶን ውስጥ ካርቶን አወጣ፣ ቻርጀሩን በእጁ ጠቅልሎ እንደ ሽልማት በሁለት እጁ አቀበላቸው። በሩ እንደተዘጋ ወደኔ ዞሮ «አላልኩሽም?» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ካርቶን አፌን በከፈትኩ ቁጥር የጎረቤታችን እናት በምስክርነት ይቆጠራሉ። ሴትዮዋን አይቻቸው አላውቅም፤ ትዳሬ ውስጥ ግን ከአማቴ የበለጠ ቦታ ይዘዋል።

ነገሩ ወዴት ይወሰዳል? ለሽማግሌ አይነገርም። ሽማግሌ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ሥራውን ፈትቶ መጥቶ ስለ መሶብ ክዳን ቢሰማ ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጥም። ለንስሐ አባታችንም ሞክሬዋለሁ፤ «ያንቺን ኃጢአት ተናገሪ» አሉኝ። እንግዲህ የቀረኝ መንግሥት ነበር። መሥሪያ ቤታችን የሕግ ክፍል ከምትሠራ ባልደረባዬ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ተውሼ ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት። ደህና ሕግ ነው። ባልና ሚስት ሊከባበሩና ሊተጋገዙ ይገባል ይላል። ስለ ክዳን ዝም ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ ዝሙት ያለውን ከባድ የፍቺ ምክንያት ይለው ነበር፤ አሁን ግን ተስማምተው የሚፋቱ ሰዎች ምክንያታቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም። ይሄ ጥሩ ነው፤ ዳኛ ፊት ቆሞ «የሽሮውን ጎመኑ ላይ ያደርገዋል» ከማለት ያድናል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ነገራቸውን እንደገና እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። እኔ ሦስት ወሩን ብቻ ለይቶ የሚሰጥ አንቀጽ ነበር የፈለግሁት። አጣሁት።

የጠቀመኝ ስለ ንብረት የሚናገረው ክፍል ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ቢሆን እንኳ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ይባላል። ስለዚህ የካርቶኑ ግማሽ የኔ ነው። ይህን ማታ ስነግረው «ታዲያ የራስሽን ግማሽ ለምን ትጥያለሽ?» አለኝ። የተዋስኩትን መጽሐፍ በማግስቱ መለስኩ።

እውነቱን ለመናገር ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሥልጣን ያለው ብቸኛ ችሎት ቡና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ዘንድ እንሰበሰባለን። ዕጣኑ ሲጨስ፣ ፈንዲሻው ሲዞር ክሱ ይከፈታል። አንዷ ባሏ መኝታ ቤት ጋደም ብሎ ማድ ቤት ላለችው ለእሷ በስልክ ደውሎ ውሃ አምጪልኝ ይላታል። ሌላዋ ባሏ የእግር ጥፍሩን የሚቆርጠው ሶፋ ላይ ነው፤ የት እንደሚፈናጠር እሱ አያውቅም፣ የምትረግጠው እሷ ናት። የአስተናጋጃችን ባል ደግሞ የውሃ ሰው ነው። በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧውን ሲያንኮራፋው «መጣ!» ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ የልጆቹን የምሳ ዕቃ ሳይቀር ያስሞላል። የሚቀጥለው ፈረቃ ሲመጣ ያልተነካውን ውሃ ሁሉ «የቆየ ነው» ብሎ ይደፋና እንደገና ከመጀመሪያው። እሷ ይህን ስትናገር ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት በጣቷ እያሳየች ነው።

በዚህ መሐል አዲስ የገባች፣ ብዙም የማትናገር ጎረቤት ነበረችን። ቶናው ሲደርስ «ያንቺስ?» አልናት። ጥቂት አሰበችና የሷ ሁሉን ነገር እንደሚከድን ነገረችን። ቀናን። ክዳን ብቻ አይደለም አለች፤ እሷ ያጠበችውን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ ብርሃን እያሳየ መልሶ ያጥበዋል። የቅመም ዕቃዎቹን በራሱ የእጅ ጽሑፍ ስም ለጥፎባቸዋል፤ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሥሩ ላይ የተፈጨበት ቀን። በርበሬው ከቀኑ ጋር ካልተስማማ ይጠይቃታል። እንጀራው መሶብ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ያለው ፊት ወዴት መዞር እንዳለበት ያውቃል። ቤቱ ጸጥ አለ። ፈንዲሻ የሚቆረጥም ጥርስ እንኳ ቆመ። አስተናጋጃችን በረካውን ለመጣድ እንደተነሣች ቆማ ቀረችና «ውይ እህቴ» አለች፤ ለሷ የመጀመሪያውን ሲኒ ቀዳንላት።

ያን ዕለት ማታ ስለ ክዳን አልተናገርኩም። በማግስቱ ተናገርኩ።

አሁን ባለቤቴም ክስ አለው ይባላል። ለኔ አልነገረኝም፤ ለእህቱ ነው የተናገረው፣ እህቱ ደግሞ ለኔ ለመንገር ሌላ ጉዳይ ፈጥራ መጣች። አንደኛ፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ከሠርጋችን ወዲህ ውሃ አልነካቸውም አለ። ለእንግዳ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንዳይሰበሩ ሌላ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ይህ ምኑ ይከብዳል? ሁለተኛ፣ ልክ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ወሬ እጀምራለሁ አለ። ቀን ሥራ ላይ ነው፣ ማታ ዜና ላይ ነው፣ መቼ ልናገር? ሦስተኛው ፌስታል ነው። ፌስታል በሦስት ማዕዘን አጣጥፌ አስቀምጣለሁ፤ እሱም የሚያውቀው ነው፣ እናቴም ታስቀምጥ ነበር። ይህ ዓመል አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ጸድቆ ፌስታል ሲከለከል ብልህነቴ የታየ መሰለኝ። ከዚያ በፊትም የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ከልክሎ ነበር፤ ጉልት ላይ ቲማቲም ስትመዝን ውፍረቱን የምትለካ ሴት ግን አላጋጠመችኝም። የአሁኑ የምር ነው። ስለዚህ የኔ ክምችት ከእንግዲህ የማይተካ ሀብት ነው ብዬ ለባለቤቴ አበሠርኩት። እሱ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ነው ያየው። «ቤታችን ውስጥ የተከለከለ ዕቃ እያከማቸሽ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ስምምነት ላይ ደረስን። እሱ አንድ ካርቶን ያወጣል፣ እኔ አንድ እቅፍ ፌስታል አወጣለሁ፤ በየሳምንቱ እንዲህ እያልን ቤቱን እናጠራለን። እኔ ከትልቁ ይጀመር አልኩ፤ የሟቹ ቴሌቪዥን ካርቶን ይውረድ። ወንበር ላይ ወጣ። ካርቶኑን ሳብ ሲያደርገው ከጠበቀው በላይ ከበደው። አውርዶ ሳሎኑ መሐል አስቀመጠውና ከፈተው። ውስጡ እስከ አፉ ድረስ በሦስት ማዕዘን የተጣጠፈ ፌስታል ነበር፤ ጥቁሩ ለብቻ፣ ሰማያዊው ለብቻ፣ የሱፐርማርኬቱ ወፍራሙ ለብቻ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ሲባክን እያየሁ ዝም ልበል?»

ካርቶኑን አየ፣ ፌስታሉን አየ። ካርቶኑ ቢጣል ፌስታሉ የሚገባበት የለም። ፌስታሉ ቢጣል ደግሞ ካርቶኑ እንዲህ ተስፋፍቶ ቁም ሳጥን ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት ያጣል። ፊቱ ላይ ያ የቻርጀሩ ምሽት ብርሃን ቀስ እያለ ሲመጣ አየሁትና ቀድሜ «እንዳትለው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ይፈለጋል እንዳትል።»

አላለም። ካርቶኑን ዘግቶ በግማሹ ናስትሮ አሸገው፤ እኔ ከሥር ገፋሁ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ቆሞ ወደ ኮርኒሱ አስጠጋው። አቧራውን ከእጁ ላይ እያራገፈ ከላይ ሆኖ ዞር ዞር ብሎ ቤቱን ካየ በኋላ፣

«በጠራራ ፀሐይ የሳሎኑን መብራት ማን ነው ያበራው?» አለ።